ለመባው ሁለት ሰው፣ ለልጆቹስ?

በአጥቢያችን እሑድ የሚሰበሰበውን መባ ሁለት ሰዎች ይቆጥሩታል። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። አንዱ ሲቆጥር ሌላው ይጽፋል፤ ከዚያ ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ሲገጥም ሁለቱም ይፈርማሉ። ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ ይህን አሠራር ከዓመታት በፊት ያስገባሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አንድም ቆጣሪ “አላመናችሁኝም ማለት ነው?” ብሎ ሲያኮርፍ አላየሁም። የእግዚአብሔር ገንዘብ ነው፣ ለብቻ አይያዝም፤ አለቀ።

ያቺው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው እሑድ፣ በዚያው ሰዓት፣ 23 ልጆችን ከአንድ ሰው ጋር አንድ ክፍል አስገብታ በሩን ትዘጋ ነበር። እኔም የመባውን ሣጥን ታቅፌ በዚያ በር አጠገብ ለዓመታት ተመላልሻለሁ። አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩም።

ኃላፊነቱ የተሰጠኝ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። በእንግሊዝኛው “ሴፍጋርዲንግ” የሚሉት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጆችና ራሳቸውን መከላከል የማይችሉ አዋቂዎች እንዳይጎዱ አስቀድሞ መጠንቀቅ፣ ጉዳት ደርሶ ከሆነም ሳይውል ሳያድር ለሚመለከተው ማሳወቅ። በአማርኛ ምን እንደምንለው ተቸግረን ነበር። “ጥበቃ” ስንል በር ላይ ቆሞ የሚፈትሽ ሰው ይመጣብናል፤ “ደህንነት” ስንል ደግሞ ጭራሽ ሌላ መሥሪያ ቤት። በመጀመሪያው ወር አንዲት እናት “ጥበቃዋ አንቺ ነሽ?” ብላ መኪናዋን የት እንደምታቆም ጠይቃኛለች። በኋላ “የልጆችና የተጋላጮች ደህንነት ተጠሪ” ተባለ። ተጠሪ የሚለውን ቃል ወድጄዋለሁ። ሲጠሩት “አቤት” የሚል ሰው ማለት ነውና።

ሰው በተመረጠበት ስብሰባ ላይ ሁሉም የዞረው ወደ መጋቢያችን ባለቤት ነበር። ልጆች ይወዷታል፤ ከቤተ ክርስቲያንም አትጠፋም። የተቃወሙት መጋቢው ራሳቸው ናቸው። “ነገ ቅሬታው በእኔ ላይ ቢሆንስ? ባለቤቴ ዘንድ ሄዶ ማን ይናገራል?” አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። መጋቢ ስለ ራሱ እንዲህ ሲናገር ሰምተን ስለማናውቅ ይመስለኛል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው “አንቺ ደረሰኝ ከሌለ ለእኔም አትከፍዪም፤ ይህንንም አንቺ ያዢው” አሉኝ። በዚህ ተመረጥኩ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት በልጆቹ ክፍል በር ላይ መስታወት እንዲገባ ነበር። የሚያልፍ ሰው ወደ ውስጥ እንዲያይ ብቻ። ሁለተኛው፣ ከልጆች ጋር ምንጊዜም ዝምድና የሌላቸው ሁለት አዋቂዎች እንዲኖሩ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሁለት ወር ፈጁ።

ሽማግሌዎቹ የበጀት ነገር አነሱ፤ እሱ ቀላል ነበር። የከበደኝ የልጆቹ አስተማሪ ነው። ሰባት ዓመት ያለ ምንም ክፍያ ያስተማረ ወንድም ነው፤ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ከነባሕርዩ ያውቃል፤ የቀረ ልጅ ካለ ማታውኑ ለወላጆቹ ይደውላል። “ሰባት ዓመት አገልግዬ ዛሬ በመስታወት ልታዩኝ ነው?” አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ምንም ያልበደለ ሰው ላይ ጣቴን የቀሰርኩ መሰለኝ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ መባ ወደሚቆጠርበት ክፍል ወሰድኩት። እሱም ተራው ሲደርስ ይቆጥር ነበር።

“እዚህ ስትገቡ ለምን ሁለት ትሆናላችሁ?” አልኩት።

“ቢጎድል እንዳንጠረጠር።”

“ሌላስ?”

ትንሽ አሰበ። “አንዱ ቢፈተን ሌላው አለ።”

ከዚያ በላይ እኔም አልተናገርኩም፣ እሱም አልተናገረም። ሦስት እሑድ ሳይመጣ ቀረ። በአራተኛው መጥቶ በሩን የሚቆርጠው አናጢ የሚመጣበትን ቀን ጠየቀኝ። ዛሬ አዳዲስ አገልጋዮች ሲመጡ የሁለት ሰውን ደንብ የሚያስረዳቸው እሱ ነው።

አሁንም ቢሆን በየጊዜው የሚገጥመኝ ክርክር “ቤተሰብ ነን፣ እንተማመናለን” የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ቤተሰብ ነን። ልጅን ሊጎዳ ያሰበ ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጉዳት የሚደርስባቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚጎዱት በሚያውቁት ሰው ነው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያላምደው ወላጁን ነው፤ ጉባኤውንም እንዲሁ። ሌላው የሰለቸውን አገልግሎት ይቀበላል። እናት ሥራ ሲበዛባት “ግድ የለሽም፣ እኔ አደርሰዋለሁ” ይላል። ለልጁ ስጦታ ይሰጣል። ከዚያ “ይህ የእኔና የአንተ ብቻ ነው” የሚባል ትንሽ ምስጢር ይጀመራል፤ ምናልባት የስልክ ጨዋታ፣ ምናልባት ከእናት የተደበቀ መልእክት። አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ደግነት ናቸው፤ ደግ ሰውም ያደርጋቸዋል። ከፊት አይቶ መለየት ስለማይቻል ደንቡ ለሁሉም እኩል ይሆናል። ለመጋቢውም፣ ለእኔም። ማንኛችንም አንድን ልጅ ለብቻው መኪና ውስጥ አናስገባም፤ ለታዳጊ በግል መልእክት አንልክም፤ መልእክት ካለ ሌላ አዋቂ ባለበት ቡድን ውስጥ ይጻፋል።

ሥራዬ ምን እንደሚመስል ለሚጠይቁኝ፣ አብዛኛው ወረቀት ነው። ከልጆች ጋር የሚያገለግሉ 17 ሰዎች ስም በእጄ አለ። እያንዳንዳቸው ማመልከቻ ሞልተዋል፣ ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል፣ ስለ እነሱ የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች አቅርበዋል፣ ከወንጀል ነፃ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አምጥተዋል። ይህ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የሚነግረን ግን ሰውየው ያልተፈረደበት መሆኑን ብቻ ነው። ሳይከሰሱ የኖሩ በዳዮች ሁሉ በዚያ ወረቀት ላይ ንጹሐን ናቸው። እኔ ይበልጥ የምተማመነው በስልኩ ነው። መስካሪዎቹ ጋ ደውዬ “ይህን ሰው ከልጆች ጋር እንደገና ታሠሩት ነበር?” ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ “አዎ” ቢሆንም ከመልሱ በፊት ያለችው ዝምታ ትናገራለች። አንድ ጊዜ ዝምታዋ ረዘመች፤ ከዚያም “ሌላ አገልግሎት ይሻለዋል” የሚል ቃል መጣ። ያን ሰው ከልጆች ጋር አላስገባሁትም።

ስንት ልጅ ለስንት አዋቂ የሚለውንም ከሌሎች ተምረናል። ኤን.ኤስ.ፒ.ሲ.ሲ. የሚባለው የብሪታኒያ የሕፃናት ጥበቃ በጎ አድራጎት ድርጅት ከ4 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ 6 ልጆች 1 አዋቂ፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ 8 ልጆች 1 አዋቂ ይመክራል። የእኛ 23 ልጆች አብዛኞቹ ከ8 ዓመት በታች ነበሩ። 4 ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፤ የነበራቸው 1 ነው።

“እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም” የሚሉኝ አሉ። አለመሰማቱ ምንም አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 አውስትራሊያ ውስጥ በተቋማት ስለተፈጸመ የልጆች ጥቃት የመረመረው የመንግሥት ኮሚሽን፣ ተጎጂዎች የደረሰባቸውን ለመናገር በአማካይ ወደ 24 ዓመት እንደወሰደባቸው አግኝቷል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው የእኛን አጥቢያ ዕድሜ አሰብኩ። ገና 24 አልሞላንም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2024 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ከሥልጣናቸው እንደሚለቁ አስታወቁ። እሳቸው ራሳቸው ልጅ ጎድተዋል ያላቸው የለም። ጉዳዩ ጆን ስማይዝ የተባለ ጠበቃ ነው፤ በክርስቲያን ወጣቶች ካምፖች በኩል ያገኛቸውን ወንድ ልጆች በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እየወሰደ በጭካኔ ይደበድብ ነበር። በ1982 ነገሩ በጽሑፍ ሰፍሮ ጥቂት ሰዎች አውቀውታል፤ ፖሊስ ዘንድ ግን አልቀረበም። ስማይዝ በ1984 ወደ ዚምባብዌ፣ በኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ ዚምባብዌም የወጣቶች ካምፕ ከፈተ። በ2013 ነገሩ እስከ ሊቀ ጳጳሱ ደረሰ። ዌልቢ በመልቀቂያቸው ላይ እንደጻፉት፣ በዚያን ጊዜ ፖሊስ እንደተነገረው ተነግሯቸው ነገሩ በአግባቡ ይፈታል ብለው በስህተት አምነው ነበር። ስማይዝ በ2018 አንድም ቀን ሳይፈረድበት ሞተ። የተጎጂዎቹ ቁጥር ከ100 እንደሚበልጥ በ2024 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ገምቷል።

ይህን ሳነብ በውስጤ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ነው የነቃው። “ተልኳል” እና “ደርሷል” በእኔ ሙያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገንዘብ ላክሁ ብሎ ደረሰኝ የሌለው ሰው አልላከም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳይ ሳስተላልፍ የተቀበለኝን ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት እጽፋለሁ፤ በሦስተኛው ቀን መልሼ ደውዬ ምን ላይ እንደደረሰ እጠይቃለሁ። ያስቸገርኳቸው መሥሪያ ቤቶች ይኖራሉ። ይቸገሩ።

አሁን የተሳሳትኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ማንነቷ እንዳይታወቅ የልጅቷን ዕድሜና ሌላውን ነገር ቀይሬዋለሁ።

አንዲት ልጅ ወንበር ስናነሳሳ ከእኔ ጋር ወደ ኋላ ቀረች። “አንድ ነገር ብነግርሽ ለማንም አትናገሪም?” አለችኝ። ያኔ ሥልጠናውን አልወሰድኩም። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሆዴ ተንሰፈሰፈና “ለማንም አልናገርም፣ የኔ ልጅ” አልኳት። ነገረችኝ። አብሯት የሚኖር ሰው ነው። ከዚያ ሁለተኛውን ስህተት ጨመርኩበት። በድንጋጤ የጥያቄ መዓት አወረድኩባት፦ እንዲህ አደረገሽ? እዚያ ቦታ ነው? ባለፈው ሳምንትም? አዎ፣ አዎ፣ አዎ አለች። ልጅ የደነገጠ አዋቂ ፊት ሲያይ ያንን ፊት የሚያረጋጋ መልስ እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር።

ማታውኑ ደወልኩ። ልጅቷን የሚረዷት ሰዎች መጡ፤ ዛሬ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ነገር ግን ከእኔ ጋር ቀርቷል። አንደኛው ጉዳዩን የያዘችው ባለሙያ ጥያቄ ነው፦ “ከዚህ ውስጥ የልጅቷ ቃል የቱ ነው? ያንቺስ የቱ ነው?” መመለስ አልቻልኩም። በእኔ ጥያቄ የልጅቷን ምስክርነት አደብዝዤዋለሁ። ሁለተኛው የልጅቷ ፊት ነው። “አልናገርም ብለሽ ነበር” አለችኝ። ሦስት ወር ሰላም ስላት ፊቷን ታዞር ነበር። አልፈርድባትም። ምስጢር በመያዝ የጎዳት አንድ አዋቂ ነበር፤ እኔ ደግሞ ምስጢር እንደምይዝ ቃል ገብቼ ያንን ያፈረስኩ ሁለተኛዋ አዋቂ ሆንኩ።

አሁን ልጅ እንዲህ ሲጠይቀኝ መልሴ በቃሌ የተጠና ነው፦ “ልሰማሽ እፈልጋለሁ። የምትነግሪኝ ነገር አንቺን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ግን ሊረዱን ለሚችሉ ሰዎች እነግራለሁ። ለማን እንደምነግር አስቀድሜ አሳውቅሻለሁ።” ይህን ሰምተው አፋቸውን ይዘጋሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ጥቂቶች ዝም ብለዋል፤ በሌላ ቀን ተመልሰው መጥተዋል። አብዛኞቹ ግን እዚያው ይቀጥላሉ። የሚፈልጉት ነገሩ እንዲቆም ነዋ፤ እንዲቆም ደግሞ ሌላ ሰው ማወቅ እንዳለበት ልጆችም ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ የምናገረው ጥቂት ነው። “እስቲ ንገሪኝ።” “ከዚያስ?” እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። መልሱን በጥያቄዬ ውስጥ አላስቀምጥም። ፊቴ እንዳይለዋወጥ እጸልያለሁ። በመጨረሻ “መናገርሽ ጥሩ አድርገሻል፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም” እላለሁ። በዚያው ሰዓት ተቀምጬ እጽፋለሁ፦ የልጅቷን ቃል እንዳለ፣ የሕፃን ቃል ከሆነ በሕፃን ቃል፣ የሚያሳፍር ከሆነም እንደሚያሳፍር። አላርምም፣ አላሳምርም። የእኔን ግምት ከእሷ ቃል ጋር አልቀላቅልም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ነበር፣ ፊርማ። ስሳሳት አልፍቅም፤ በአንድ መስመር ሰርዤ አጠገቡ እፈርማለሁ። የሒሳብ መዝገብ እንዲህ ነው የሚያዘው፤ የልጅ ቃል ከዚያ አያንስም። ወረቀቱ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይገባል፤ ጉዳዩም ከ24 ሰዓት በፊት ከእጄ ይወጣል። ልጁ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ 24 ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ ፖሊስ ነው።

ሰዎችን በጣም የሚያስገርማቸው እኔ አለመመርመሬ ነው። “ሳታጣሪ?” ይሉኛል። አዎ፣ ሳላጣራ። እውነት ነው ሐሰት የሚለውን የሚለዩ ሙያተኞች አሉ፤ እኔ ከእነሱ አንዷ አይደለሁም። ሽማግሌዎች ግን በቅን ልብ መጀመሪያ የሚያስቡት የተጠቀሰውን ሰው ጠርቶ መጠየቅ ነው። ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ሰውየው ይነቃል፣ መልእክቶቹን ያጠፋል፣ ልጁን ያስፈራራል፤ ጥፋት ከሌለበትም ስሙ ገና ሳይጣራ በአጥቢያው ይናፈሳል። ዝም ብሎ ማስተላለፍ ንጹሑንም ይጠብቃል።

“ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ተብሎ ተጽፏል” ብለው የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 18 የሚጠቅሱልኝ ብዙ ናቸው። ጥቅሱን እቀበላለሁ። ጥቅሱ ግን ስለ ወንድምና ወንድም ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ የጎዳትን ሰው ለብቻዋ ሄዳ ትውቀስ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ደግሞም ምዕራፉ ከዚያ አይጀምርም። ሲጀምር ጌታ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው ያቆማል፤ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ በጥልቅ ባሕር ቢሰጥም ይሻለው እንደነበር ይናገራል። ከዚህ ጀምረን እናንብበው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ምዕራፍ ነው፦ ሁለተኛ ሳሙኤል 13። የንጉሥ ዳዊት ልጅ አምኖን እኅቱን ትዕማርን ከደፈራት በኋላ ሌላው ወንድሟ አቤሴሎም ዝም እንድትል፣ አምኖን ወንድሟ መሆኑን እንድታስብ፣ በልቧም እንዳትይዘው ይነግራታል። ንጉሡ አባቷ ይህን ሰምቶ እጅግ ይቆጣል። ቁጣው ተጽፏል፤ ያደረገው ነገር ግን አልተጻፈም። ትዕማር በወንድሟ ቤት ብቻዋን ተቀመጠች ይላል። ያች ሴት ከዚያ በኋላ አንድም ቃል ስትናገር አንሰማትም። በአገልጋዮች ሥልጠና ላይ ይህን ምዕራፍ አብረን እናነባለን፤ ሲያልቅ ለጥቂት ደቂቃ ማንም አይናገርም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከዚያ ዝምታ ተነስተው ወጡ። ከወር በኋላ መጥተው በልጅነታቸው የደረሰባቸውን ነገሩኝ። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል።

በቤተ ክርስቲያን ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ነገር ልጅን “መንፈስ አለበት” ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ለንደን ውስጥ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የምትባል የ8 ዓመት ልጅ አደራ በተቀበለቻት በአባቷ አክስትና በአክስቲቱ ወንድ ጓደኛ እጅ ተሠቃይታ ሞተች። በገላዋ ላይ 128 ቁስልና ጠባሳ ተቆጠረ። ከመሞቷ በፊት አክስቲቱ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ወስዳት ነበር፤ ችግሩ ክፉ መንፈስ እንደሆነ ተነገረ። በ2003 የወጣው የሎርድ ላሚንግ ምርመራ፣ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ልጅቷን ሊያድኑ የሚችሉባቸው ቢያንስ 12 አጋጣሚዎች እንዳመለጧቸው አሳየ። እኔ በጸሎት አምናለሁ። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚሸና፣ ሰው የሚሸሽ ልጅ ሲያመጡልን ግን እጅ ከመጫናችን በፊት እጁን እናየዋለን። ሐኪም ያየዋል። ለልጅ ስንጸልይ ወላጅ ባለበት፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሳንጮህ፣ ሳንይዘው ነው።

አዋቂዎችንም ልረሳ አልችልም። ትዝታቸው እየደከመ የሄደ አንዲት እናት አሉን። አንዲት እህት ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ታጅባቸዋለች፣ የባንክ ካርዳቸውንም ትይዛለች። ማንም ክፉ አላሰበም፣ እኔም አላሰብኩም። ከዚያ እናታችን “ጌታ ቤቱን ለእሷ እንድሰጣት ነግሮኛል፤ የነገረችኝ እሷ ናት” አሉኝ። በጌታ ስም የሚቀርብ ጥያቄ እምቢ ለማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አማኝ ሁሉ ያውቃል። ጉዳዩ ለቤተሰባቸውና ለሚመለከተው ተላለፈ።

አንድ ሰው ደግሞ መጋቢው ዘንድ በራሱ ፈቃድ መጣ። በልጅ ላይ በፈጸመው ወንጀል ታስሮ ወጥቷል፤ ማምለክ ይፈልጋል። ግማሾቻችን “እንዴት ይገባል?” አልን፤ ግማሾቻችን “ንስሐ ከገባ ምን ቀረው?” አልን። በስተመጨረሻ፣ ከእስር በኋላ ከሚከታተለው ባለሙያ ጋር ተነጋግረን የጽሑፍ ስምምነት አዘጋጀን፦ የትኛውን አምልኮ እንደሚካፈል፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ከደጅ እስከ ደጅ አብረውት የሚሆኑት ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ወደ ልጆቹ ክፍል መተላለፊያ እንዳይደርስ፣ ልጆች ያሉበት ቤት እንዳይጋበዝ። በየስድስት ወሩ እንደገና ይታያል። አንድ ቀን “ይቅር ተብያለሁ፤ ታዲያ እስከ መቼ?” አለኝ። “እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል ብዬ አምናለሁ፤ የልጆቹ ክፍል ቁልፍ ግን በእኔ እጅ ነው” አልኩት። አቀረቀረ፤ ፈረመ። አሁንም ይመጣል፣ አጃቢዎቹም አይቀሩም። ከአጃቢዎቹ አንዱ ያ የልጆቹ አስተማሪ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ነው ስሙን የሰጠኝ።

ይህ ሥራ ያደክማል። የሰማሁትን ለባለቤቴም አልነግርም፤ ቤት ገብቼ ዝም ስል “ዛሬ ከባድ ነበር?” ይለኛል፣ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፣ ከዚያ በላይ አይጠይቀኝም። በወር አንድ ጊዜ ከሌላ አጥቢያ ተጠሪ ጋር ስም ሳንጠራ እንወያያለን። ይህ ባይኖር ኖሮ ሁለተኛውን ዓመት አልጨርስም ነበር።

ባለፈው ወር ማስታወቂያውን አደስን። “የሚያስጨንቅህ፣ የሚያስፈራሽ ነገር ካለ” ይላል፤ ከሥር የእኔ ስምና ስልክ፣ ከዚያ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆነ ሌላ ስልክ። አንድ ሽማግሌ “የውጭው ለምን? አንቺ እያለሽ?” አሉኝ። “ቅሬታው በእኔ ላይ ቢሆንስ?” አልኳቸው። የመጋቢው ቃል መሆኑን አስታውሰው ነው መሰለኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጸዳጃ ቤቶቹ በሮች በስተውስጥ ለጠፍነው፤ ሰው ብቻውን ሆኖ የሚያነበው እዚያ ነውና። ወረቀቶቹን በዓይኔ ትክክል ነበር የሰቀልኳቸው። በሳምንቱ በሩን ክፍት አድርጎ የገባ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ፊደል እየቆጠረ ሲያነብ አየሁት። “የሚ…ያስ…ጨን…” እያለ። ምን እንደፈለገ አልጠየቅሁትም፤ ሰላም ብዬው አለፍኩ። አምልኮው ሲያልቅ ወረቀቶቹን ሁሉ ነቅዬ ወደ ታች፣ ወደ ወገቤ አካባቢ፣ መልሼ ለጠፍኳቸው።